የመኪናን ቀለም የሚጎዳው ነፍሳቱ ነው ወይስ የሚጠርገው እጅ?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም በጠባ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ማታ ከደጃፉ ያቆመው መኪና ጠዋት ሲታይ ኮፈኑና ፓራውልቱ፣ የፊት መስተዋቱና መብራቶቹ በትንኝ፣ በእሳት እራት፣ በጢንዚዛና በክንፋም ምስጥ በድን ተዥጎርጉረው መገኘታቸው ነው። ነገሩ ሲመለከቱት ትንሽ ነው። የዕቃ ዋጋ በሚወጣበትና በሚወርድበት፣ የውጭ ምንዛሪ በሚያሳስብበት ጊዜ ስለ ሞተ ትንኝ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ሊመስለው ይችል ይሆናል። ነገር ግን መኪና ለነጋዴ ጌጥ ሳይሆን ካፒታል ነው፤ ካፒታልን በጥቂት በጥቂቱ የሚበላ ነገር ሁሉ ደግሞ፣ መጠኑ ምንም ቢያንስ፣ በንግድ ጋዜጣ ላይ ሊነሣ ይገባዋል።

ለዚህ አሳብ መነሻ የሚሆነው በአሰላ ከተማ በአንድ የእህል ነጋዴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ነጋዴው በጥቅምት ወር አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አዳማን አልፈው፣ ሌሊት አሰላ ገቡ። በማግሥቱ ጠዋት ገብስ የሚገዙ እንግዶች ይመጡ ስለ ነበር፣ ረዳቱ ጥቁር ሰማያዊውን ፒካፕ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ አጽድቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። በዚያ ቀን የቧንቧ ውሃ አልነበረም። ልጁ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጠረገ፤ አልለቅ ሲለው ጨርቁን ናፍጣ አስነክሮ ፈተገ፤ የቀረውንም ድስት በሚታጠብበት ሽቦ አነሣው። እንግዶቹ ሲደርሱ መኪናው ያንጸባርቅ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ግን መኪናው በውሃ ታጥቦ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ኮፈኑ ከዳር እስከ ዳር በቀጫጭን ጭረት ተሞልቶ፣ በየቦታውም የደበዘዘ ምልክት ወጥቶበት ታየ።

ነጋዴው መኪናውን ጋራዥ ወስደው አስገመቱ፤ ኮፈኑን ለማስቀባት የሚከፈለውም ዋጋ ከረዳቱ ደሞዝ በየወሩ እንዲቆረጥ አዘዙ። ልጁም «ጋሼ፣ የታዘዝሁትን ነው ያደረግሁት፤ ውሃ አልነበረም፤ የተሰጠኝም ጨርቅ ይኸው ነው» ብሎ መለሰ። መልሱ ግን እንደ ድፍረት ተቈጠረበት እንጂ አልተሰማለትም።

ነገሩ በአንድ ቤት ብቻ ተወስኖ የቀረ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባልተነሣ ነበር። ዳሩ ግን በየነጋዴው ግቢ፣ በየላቫጆውና በየመናኸሪያው በየዕለቱ የሚታይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የቀለሙ ጥፋት የማን ነው? የነፍሳቱ ነው? የልጁ ነው? ወይስ ውሃና ጊዜ ሳይሰጡ «ቶሎ አጽዳ» ብለው ያዘዙት የባለቤቱ? ፍርድ ከመስጠት በፊት ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። አዳማ ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በ1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነጋዴ በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት በተከፈተውና 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የፍጥነት መንገድ ወደ አዳማ ሲወርድ የመኪናው ፍጥነት ይጨምራል። ከአዳማ ወዲያም የወንጂን የሸንኮራ አገዳ ማሳ በጎን ትቶ፣ በአዋሽ መልካሳ ወንዙን ተሻግሮ፣ በዴራ በኩል ወደ ኢተያና ወደ ቁሉምሳ ይወጣል። ሙቀት፣ ውሃና የመስኖ እርሻ ባለበት ስፍራ ሁሉ በራሪ ነፍሳት ይበዛሉ፤ ከመሸ በኋላም የመኪናው መብራት ይጠራቸዋል። «የእሳት እራት» የሚለው ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል። እንግዲህ መኪናው ነፍሳቱን ከቆላው ለቅሞ፣ በደጋው ብርድና ነፋስ አድርቆ፣ አሰላ ይገባል ማለት ነው።

አንድ ትንኝ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ መኪና ጋር ሲጋጭ ሰውነቱ ይፈነዳል፤ በውስጡ ያለውም ፈሳሽ በቀለሙ ላይ ይለጠፋል። ይህ ፈሳሽ ፕሮቲን ያለበት በመሆኑ ትኩስ ሳለ በውሃ ይለቃል፤ ሲደርቅ ግን እንደ ሙጫ ይጠነክራል። እንቁላል የተበላበትን ሳህን ወዲያው ያጠበና ለነገ ያሳደረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ከዚህም ሌላ በድኑ መበስበስ ሲጀምር አሲድ ያመጣል። በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳና በአካባቢዋ በየዓመቱ በግንቦትና በመስከረም ግድም ወንዱና ሴቷ ተጣምረው የሚበሩ፣ በአገሩ ስም «ላቭበግ» የሚባል ጥቁር ዝንብ አለ፤ የዚያ አገር ባለመኪናዎችም ከዚህ ነፍሳት ጋር ብዙ ዓመት ታግለዋል። በዚያ የተገኘው ትምህርት፣ በድኑ ገና ሲለጠፍ አሲድነቱ ትንሽ ቢሆንም በአንድ ቀን ውስጥ እየጨመረ እንደሚሄድ፣ በፀሐይ ሙቀትም ጥቂት ቀን ከቆየ ቀለሙን እየበላ ምልክት እንደሚተው ነው።

የዛሬ መኪና ቀለም አንድ ንብር ብቻ አይደለም። በብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከለው ይቀባል፤ በዚያ ላይ መሠረተ ቀለሙ፣ ቀጥሎ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፈውና የሚያንጸባርቀው ቫርኒሽ ይደረባል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እምብዛም አይበልጥም። ቫርኒሹ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ ይህም ከአንድ ሰው ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ሽቦ የሚፈትገው፣ አሲድ የሚበላው፣ አቧራ የሚጭረው ይህን ስስ ልብስ ነው። ልብሱ ሲያልቅ ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዘዋለች፤ ውሃም ወደ ብረቱ የሚገባበት ቀዳዳ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝገት ነው።

በአርሲ ደጋ ይህ ጉዳት በሁለት ነገር ይባባሳል። አንደኛው ፀሐይ ነው። ብርዱ ሰውን ያታልላል እንጂ፣ በከፍታ ላይ አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይቈጠራል። ሁለተኛው ጤዛ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በአሰላ፣ በሳጉሬና በበቆጂ ውጭ ያደረ መኪና በጤዛ ይርሳል። ጤዛው የደረቀውን በድን አርሶ አሲዱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ውሃው ይተንንና አሲዱ ጠንክሮ ከቀለሙ ጋር ይቀራል። «ነገ ይታጠባል» እየተባለ የሚያድር መኪና እንግዲህ በየሌሊቱና በየረፋዱ ይጎዳል ማለት ነው።

ከነፍሳቱ ጋር አብሮ የሚመጣው አቧራም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በአዳማና በመቂ አካባቢ መሬቱ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ፑሚስ የበዛበት ነው፤ ብሎኬት ለመሥራት በካሚዮን የሚጫነውም ያው ፑሚስ ነው። ፑሚስ ባሕርዩ የብርጭቆ ነው፤ ሲደቅም ለመፈተጊያና ለመሞረጃ የሚያገለግል መሆኑ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ስለሆነም ይህ አቧራ በተቀመጠበት ኮፈን ላይ ደረቅ ጨርቅ ማሽከርከር በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተግ ብዙም አይለይም። ጭረቱ ክብ ክብ ሆኖ የሚታየውም የእጁን አካሄድ ስለሚከተል ነው።

ሰው በየቦታው የሚጠቀምበት መድኃኒት ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ በናፍጣ፣ ሌላው በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ፣ ሌላው በበረኪና፣ ሌላው በዱቄት ሳሙና፣ ሌላው በአመድ፣ ሌላውም በለስላሳ መጠጥ ይጠርጋል። ናፍጣና ነጭ ጋዝ ቆሻሻውን ቢያላቅቁም በቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ጠርገው ይወስዳሉ፤ ላስቲኩን ይጎዳሉ፤ የሚተዉትም ቅባት አቧራ ይስባል። የአሰላው ፒካፕ እንግዶቹ በደረሱ ጊዜ ያንጸባረቀው በናፍጣው ቅባት እንጂ በንጽሕናው አልነበረም። ቤንዚን በተለይ በጋራዥ የተቀባውን ቀለም ያነሣል፤ ከፕላስቲክ የተሠሩትን የዛሬ መብራቶችም ያደበዝዛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጋለ ሞተር አጠገብ ቤንዚን እሳት ነው። በረኪናና አመድ የቀለም ጠንቅ ናቸው፤ ዱቄት ሳሙና በደንብ ሳይሟሟ ከተፈተገ ይጭራል፤ ለስላሳ መጠጥና ሎሚ ራሳቸው አሲድ ስለ ሆኑ በአሲድ ላይ አሲድ መጨመር ነው። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ እጥበት የተነገረ ይመስላል።

የደረቀን ነፍሳት ጠርጎ ማንሣት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ምሳሌ ከኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ተገኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ በአገሪቱ ብዙ ክፍል ተሠራጭቶ በነበረበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ከመንጋው ጋር ተጋጨ። አንበጣው በሞተሮቹ፣ በአፍንጫውና በፊት መስተዋቱ ላይ ተለጠፈ። አብራሪዎቹ በመስተዋት መጥረጊያው ሊያነሡት ቢሞክሩ አልጠራ ስላላቸው፣ ጉዟቸውን ወደ አዲስ አበባ ለውጠው በደኅና አረፉ። አንድ የበረሃ አንበጣ የሚመዝነው 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንዲሁም የአሜሪካ የበረራና የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ናሳ ከቦይንግ ጋር ሆኖ በ2007 ዓ.ም. በአንድ ቦይንግ 757 ክንፍ ላይ ነፍሳት እንዳይለጠፍ የሚከላከሉ ልዩ ልዩ ሽፋኖችን ሞክሮ ነበር፤ ከተሞከሩትም የተሻለው የቅሪቱን ብዛት የቀነሰው በ40 በመቶ ያህል ነው። ይህን ያህል ዕውቀትና ገንዘብ ፈሶበት ገና በግማሽ እንኳ ያልተሸነፈ ነገር፣ አሰላ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ይሸነፋል ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይሆንም።

ትክክለኛው መድኃኒት ግን ውድም አስቸጋሪም አይደለም፤ ውሃና ትዕግሥት ነው።

በመጀመሪያ፣ እጥበቱ መኪናው በገባበት ማታ፣ ባይሆን በማግሥቱ ፀሐይ ሳትበረታ መጀመር አለበት። ሞተሩ የጋለ እንደ ሆነ ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፤ በጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ ሳሙና ወዲያው ደርቆ ምልክት ይተዋልና። ቀጥሎ፣ እጅም ጨርቅም ሳይነካው፣ አቧራው በሚፈስ ውሃ ብቻ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያረጀ ጋቢ ወይም ወፍራም ፎጣ፣ ለመኪና የተሠራ ለስላሳ ሳሙና በተቀላቀለበት ለብ ያለ ውሃ ተነክሮ፣ በኮፈኑና በፓራውልቱ ላይ ይነጠፋል፤ ሳይደርቅም 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ይህ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሙጫ ሆኖ የደረቀው በድን ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ከቀለሙም ይላቀቃል። ጋቢው ሲነሣ አብዛኛው ቅሪት አብሮ ይነሣል።

የቀረውን በማይክሮፋይበር ወይም በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ሳይጫኑና ሳያሽከረክሩ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ የጨርቁን ገጽ እየለወጡ መጥረግ ነው። በአሮጌ ነጠላ የሚጠቀም ሰው ጥለቱን አስቀድሞ ቀድዶ ያውጣ፤ የጥለቱ ክር፣ ይልቁንም ወርቀ ዘቦ ያለበት፣ ይጭራል። ባልዲውም ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ የሳሙናው፣ ሁለተኛው ጨርቁ የሚታለቅለቅበት። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ መኪናው አይመለስም። አልለቅ ያለ ቢኖር ጋቢውን እንደገና ማንጠፍ እንጂ ጥፍር ወይም ቢላዋ ማንሣት አይገባም። በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ ነው።

መኪናው ከደረቀ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሰም በስሱ ቢቀባ፣ በሚቀጥለው ጉዞ የሚለጠፈው ነፍሳት የሚያያዘው ከቫርኒሹ ጋር ሳይሆን ከሰሙ ጋር ይሆናልና በቀላሉ ይለቃል። የጧፍ ሰም ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚያጣብቅ ስለ ሆነ አቧራ ይሰበስባል። በአሲድ ተበልቶ የጎደጎደ ምልክት ካለ ደግሞ በሰም አይድንም፤ የባለሙያ ፖሊሽ የሚሻ ነው፤ ፖሊሽም ቫርኒሹን እያሳሳ የሚያስተካክል ስለ ሆነ በየጊዜው የሚደረግ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ኮፈኑን ብቻ ማየትም አይበቃም። በነፍሳት የተሸፈነ መብራት ለሌሊት ተጓዥ አደጋ ነው፤ የፊት መስተዋቱም ደረቅ ሳለ በመጥረጊያው ቢጠረግ በድኑ ይለቀለቅና እይታን ይጋርዳል። ከፍርግርጉ በስተኋላ ያለው ራዲያተር በነፍሳትና በገለባ የተደፈነ እንደ ሆነ፣ ጭነት የያዘ አይሱዙ ከዴራ ወደ ኢተያ ዳገቱን ሲወጣ ሊፈላ ይችላል። የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ያለው የአርሲ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል፤ ገለባ ራዲያተሩን ሲደፍንበት ሥራው ስለሚቆም፣ በአጨዳ ወራት ሳይሰለች ያጸዳዋል። ቀለም ግን ሲጎዳ አይፈላም፣ አይጮኽም፣ ሥራም አያስቆም፤ ስለዚህ ማንም አይሰማውም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንዱ «መኪናዬ የተገዛው ለሥራ እንጂ ለሙሽራ አይደለም፤ ቀለሙ ቢደበዝዝ ምን ይቀርብኛል?» የሚል ነው። የሚቀርበት የሚታወቀው በሽያጩ ቀን ነው። መኪና የሚገዛ ሰው ኮፈኑን ሳያስከፍት በፊት የሚጠይቀው «ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ የተቀባ?» ብሎ ነው። የተጫጫረ ኮፈን ዋጋ ያስቀንሳል፤ ዳግም የተቀባ ኮፈን ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ገዢው መኪናው ተጋጭቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራልና። ነጋዴው «የሞተ ትንኝ በሽቦ ተጠርጎ ነው» ብሎ እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚያምነው የለም።

ይህም ነገር ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከአዲሶቹ ይልቅ እጅግ የከበደ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛም ቢሆን ሞተሩ ይለያል እንጂ ቀለሙ ያው ነው፤ የአዋሽ መልካሳ ትንኝም መኪናው በምን እንደሚሄድ አይጠይቅም። ያረጀውን ሸጦ ሌላ መተካት ቀላል ባልሆነበት ጊዜ፣ ያለውን መጠበቅ እንደ ትርፍ የሚቈጠር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የውሃ እጥረት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን ነፍሳትን ለማንሣት መኪናውን በሙሉ ማጠብ አያስፈልግም። አንድ ጀሪካን ውሃ ለኮፈኑና ለፓራውልቱ ሊበቃ ይችላል፤ ግማሹ አቧራውን ያወርዳል፣ ግማሹ ጋቢውን ይነክራል፣ ያለቀልቃልም። ውሃ የሚቋረጥበት ቀን የማይታወቅ በመሆኑ፣ ለመኪናው የሚሆን አንድ ጀሪካን በግቢው ሞልቶ ማስቀመጥ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ያም እንኳ ባይገኝ፣ ውሃ እስኪመጣ ድረስ መኪናውን በጥላ አቁሞ ሳይነኩት መቆየት በደረቅ ከመፈተግ ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ነጋዴ ጊዜ የለውም ይባላል። ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአሰላው ቤት በአንድ ጠዋት የተረፈው ግማሽ ሰዓት ኮፈኑ በተቀባበት ጋራዥ የብዙ ቀን ሥራ አስፈትቷል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይገባል። ረዳቱ ናፍጣና ሽቦ አንሥቷል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ውሃ አላገኘም፤ ሳሙና አልተገዛለትም፤ ለስላሳ ጨርቅ አልተሰጠውም፤ እንዴት እንደሚታጠብ ያሳየው ሰውም የለም። የተሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ችኮላ ነው። መሣሪያና ጊዜ ሳይሰጡ ያዘዙትን ሥራ ሲበላሽ ከሠራተኛ ደሞዝ መቁረጥ በኅሊናም በንግድ ሥርዓትም የሚደገፍ አይደለም። በሕግም ቢሆን ገደብ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ካልተወሰነ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደሞዙ መቁረጥን ይከለክላል፤ በሚፈቀድበትም ጊዜ ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ ሢሶ እንዳይበልጥ ያዛል። «ከደሞዙ ቁረጡ» ብሎ በቃል ማዘዝ ቀላል ነው፤ ነገሩ ወደ ዳኛ የቀረበ እንደ ሆነ ግን ከኮፈኑ ቀለም ይልቅ ሊያስወጣ ይችላል።

ከዚህ የተነሣ ሦስት ነገር ቢደረግ ሁሉም ወገን ይጠቀማል። ባለመኪናው ነጋዴ የእጥበቱን ዕቃ፣ ይኸውም ሁለት ባልዲ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ የመኪና ሳሙና፣ አንድ አሮጌ ጋቢና ጥቂት ለስላሳ ጨርቅ፣ እንደ ዘይትና እንደ ጎማ በጥገና ወጪ ውስጥ ይመዝግብ፤ ለረዳቱም አንድ ጊዜ ቆሞ ያሳየው። ከቆላው ማታ የገባ መኪና ሳይረጥብ እንዳያድርም ትእዛዝ ያድርግ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ገንዘብ አንድ ኮፈን ከማስቀባት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አስመጪውና ባለሱቁም በዚህ ድርሻ አላቸው። በየከተማው ሱቅ በረኪና፣ ዱቄት ሳሙናና የድስት ሽቦ በየመደርደሪያው ሞልቷል፤ የመኪና ሳሙና፣ ማይክሮፋይበርና የመኪና ሰም ግን የሚፈለገውን ያህል በየቦታው አይገኝም። በአርሲ ደጋ ከአሰላ እስከ በቆጂ የሚመላለሰውን ፒካፕ፣ ሚኒባስና አይሱዙ የሚያስብ ነጋዴ፣ እነዚህን ዕቃዎች ከመስከረም በፊት አስገብቶ ቢያዘጋጅ ገበያ አያጣም። ሲሸጥም ዝም ብሎ ከመስጠት አጠቃቀሙን በቃል ቢነግር፣ ገዢው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ሱቅ ነው።

የላቫጆ ባለቤቶችም የሠራተኞቻቸውን ክፍያ በታጠበው መኪና ብዛት ብቻ እስከ ወሰኑት ድረስ፣ ልጁ ጋቢ አንጥፎ 10 ደቂቃ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ነፍሳት ለበዛበት መኪና ጥቂት ጨምሮ ማስከፈልና ጭማሪውን ከልጁ ጋር መካፈል ተገቢ ነው። ደንበኛውም ይህችን ጭማሪ ሲጠየቅ ከመቆጣት ይልቅ፣ መኪናውን የሚያነሣው ከጭረት የዳነ ቀለም ይዞ መሆኑን ቢያስብ ይሻላል።

የአሰላው ነጋዴ ኮፈናቸውን አስቀብተዋል። አዲሱ ቀለም ከበሮቹ ጋር ትክክል አልገጠመም፤ በፀሐይ ሲታይ ይለያል። መጪው ጥቅምት ሲደርስ መኪናው እንደ ወትሮው ከቆላው ትንኝ ለቅሞ ሌሊት ይገባል። በዚያ ጊዜ በግቢው ውስጥ ውሃ የተሞላ ጀሪካንና የተነከረ ጋቢ ይጠብቀው እንደ ሆነ፣ የልጁም ደሞዝ ሳይቆረጥ ይከፈል እንደ ሆነ፣ የሚወስነው ትንኙ አይደለም፤ ባለቤቱ ናቸው።